የተፈቀደ ሶፍትዌር ብቻ፦ በባሕር ዳር የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል አገልግሎት ሲመዘን

በባሕር ዳር ከተማ ከሚገኙት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው። ከማመሰግነው ጎን ለጎን የምወቅሰው ነገር ስላለ የተቋሙን ስም አልጠቅስም፤ ወቀሳዬ በአሠራሩ ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት ድረስ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በተመደበው የኮምፒውተር ክፍል በሳምንት አራትና አምስት ቀን ተቀምጬ የመመረቂያ ጽሑፌን ሠርቻለሁ። ጥናቴ የሚያተኩረው እንቦጭ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በሚኖሩ ዓሣ አስጋሪና ገበሬ ቤተሰቦች ላይ ያደረሰውን ጫና በመለካት ላይ ነው። ከቤት ለቤት የተሰበሰበ መጠይቅ፣ የሳተላይት ምስልና በአማርኛ የተጻፉ የወረዳ ሰነዶች በአንድ ላይ የሚፈልግ ሥራ በመሆኑ የክፍሉን አገልግሎት ከብዙ አቅጣጫ ለመፈተሽ አጋጣሚውን አግኝቻለሁ።

የክፍሉ ዋና ደንብ በሩ ላይ ተለጥፏል። ዩኒቨርሲቲው ካጸደቀው ዝርዝር ውጪ የሆነን ማንኛውንም ሶፍትዌር በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ መጫንም ሆነ ከፍላሽ ላይ ማስኬድ የተከለከለ ነው ይላል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያነብ ፊቱ ይጨማደዳል፤ የእኔም ተጨማዶ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግን ደንቡን የምደግፍ ሰው ሆኛለሁ፤ ድጋፌ ግን አንድ ነገር በሚሟላበት ጊዜ ብቻ የሚጸና ነው። «አይቻልም» የሚለው ቃል «በምትኩ ይህ አለ» የሚል መልስ ይዞ ሲመጣ ደንቡ ተማሪን ይረዳል፤ ብቻውን ሲመጣ ደግሞ ተማሪውን ወደ በሩ ማዶ ወዳሉት ሱቆች ይገፋዋል። በዚህ ክፍል ሁለቱንም አይቻለሁ።

ስለ ቦታው ብዙ የምለው የለኝም። አርባ ያህል ኮምፒውተሮች አሉ፣ ወንበሮቹ ደህና ናቸው፣ ክፍሉ ጸጥታ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት በቀጥታ ስለምትገባ መጋረጃ ያስፈልገዋል። ከጠዋቱ 2:30 ተከፍቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይዘጋል። ለተማሪ ክፍያ የለውም። የመውጫ ፈተና በሚሰጥበት ሰሞን ክፍሉ ለዚያ ስለሚያገለግል ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ዝግ ይሆናል፤ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነትና ንጹሕ ሆነው እንዲቆዩ የሚያስገድድ ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል።

የመጀመሪያውን ቀን ግን በዝርዝር መንገር አለብኝ። ፍላሼ ላይ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ከ180 አባወራዎችና እማወራዎች የሰበሰብኩት መጠይቅ የተመዘገበበት ፋይል ሲሆን ሁለተኛው ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለ አንድ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ በ300 ብር ያስገለበጥኩት ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ኤስፒኤስኤስ የተባለ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን በጊዜው ሌላ መንገድ መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የቀደሙን ተማሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመጫኛውን ፋይል ስከፍት የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስኮት ወጣ። ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ወጣት ቴክኒሻን ሄጄ፣

«እኅቴ፣ እባክሽ ይህችን የይለፍ ቃል አስገቢልኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ እሱን ልጭንልዎት አልችልም። ፍላሹን ግን ይስጡኝ፣ መጀመሪያ እንየው» አለችኝ።

ፍላሹን የሰካችው ከኔትወርክ ውጪ በሆነ፣ ለምርመራ ብቻ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «መጠይቅ» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ከታች በግራ ጥጉ ትንሽ ቀስት በቅሎበታል፤ መጠኑም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ሆኗል። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ነው፤ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ሰው አቋራጩን በከፈተ ቁጥር ቫይረሱ ራሱን ያስነሳል። ስድስት ሳምንት ሙሉ በጭቃና በፀሐይ ከደጅ ደጅ ዞሬ የሰበሰብኩት መረጃ የጠፋ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቴክኒሻኗ ግን የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳይ አንድ ትእዛዝ ጻፈችና ፎልደሩ ከነ ሙሉ ይዘቱ ብቅ አለ። ክራኩን የያዘውን ፋይል ጸረ ቫይረሱ በቀይ ምልክት አውጥቶት ነበር፤ አጠፋችው። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው ስለዚህ ክፍል ያለኝን አመለካከት የለወጠው፤ «ለመሆኑ ጋሼ፣ በኤስፒኤስኤስ ሊሠሩ የፈለጉት ምንድን ነው?» አለችኝ።

የሎጂስቲክ ሪግሬሽን (አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን ከምክንያቶቹ ጋር የሚያዛምድ ስሌት) መሆኑን ነገርኳት። «እሱ እኮ በጃሞቪ ይሠራል፤ ይቀመጡ ላሳይዎት» አለች። ጃሞቪ በአር ላይ የተገነባ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ አር ደግሞ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የስታቲስቲክስ መምህራን የጀመሩት፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ቋንቋ ነው። የኤስፒኤስኤስ ፋይሌን ጃሞቪ እንዳለ ከፈተው፤ የተለዋዋጮቹ ስምና የመልሶቹ መለያ አልተዛባም። ዝርዝሩ ውስጥ የነበረ፣ ፈቃድ የማያስከፍል፣ ኮድ ሳይጽፉ በማውዝ ብቻ የሚሠራበት መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ግን 300 ብር ከፍዬ ቫይረስ ገዝቼ ነበር።

ደንቡ ለምን ትክክል እንደሆነ ያሳመነኝ ይህ ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት የሆነው ሶፎስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ስሙን ያልገለጸው አንድ የአውሮፓ የባዮሎጂ ምርምር ተቋም የደረሰበትን ጉዳት የሚተርክ ዘገባ አውጥቶ ነበር። ከተቋሙ ጋር የሚሠራ አንድ ተማሪ በሥራ ላይ የሚጠቀምበትን መረጃን በሥዕል የሚያሳይ ሶፍትዌር ለራሱ ላፕቶፕ ፈለገ፤ የፈቃዱ ዋጋ ስለከበደው ክራክ አወረደ፤ የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ የሆነው ዲፌንደር አላስኬድም ቢለው ዲፌንደሩን አጠፋው፤ ፋየርዎሉንም ጨምሮ። የጫነው ነገር ግን የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ነበር። ከ13 ቀን በኋላ በተማሪው መለያ አንድ የማይታወቅ ሰው ወደ ተቋሙ ኔትወርክ ገባ፤ ከዚያም 10 ቀን ቆይቶ ሪዩክ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ተለቀቀ። ተቋሙ መጠባበቂያ ቅጂ ቢኖረውም ሙሉ በሙሉ ወቅታዊ ስላልነበረ የአንድ ሳምንት የምርምር መረጃ አጣ፤ ሥርዓቱን እንደገና ለማቆምም ኮምፒውተሮቹንና ሰርቨሮቹን ከመሠረቱ መሥራት ግድ ሆነበት። እኔ ያን ቀን የያዝኩት ፍላሽ ከዚያ ተማሪ ላፕቶፕ በምን እንደሚለይ ራሴን ጠይቄ መልስ አጥቻለሁ።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍትና ከሌሎች ጽሑፎች እኩል ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ተማሪን ሌላ ሰው የጻፈውን አንድ አንቀጽ ያለ ምንጭ ገለበጥክ ብሎ የሚቀጣ ተቋም፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ተገልብጦ ሲሠራበት ዝም ሊል አይገባውም።

አሁን አገልግሎቱ የተፈተነባቸውን ቦታዎች ላንሳ። በጃሞቪ ያወጣሁትን ውጤት ለአማካሪዬ ሳሳያቸው በራሳቸው ኮምፒውተር በኤስፒኤስኤስ ደግመው ሠሩትና «ምልክቱ ተገልብጧል፤ ይህ ነጻ ነገር አይታመንም» አሉኝ። ጥያቄው የታንኳ ባለቤትነት ዓሣ ማስገርን ከመተው ጋር ስላለው ዝምድና ነበር፤ እኔ ጋ 2.17 የሆነው የዕድል ምጣኔ (ከአንድ ሲበልጥ ዕድሉ ከፍ ማለቱን፣ ሲያንስ ዝቅ ማለቱን የሚያሳይ ቁጥር) እሳቸው ጋ 0.46 ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቴክኒሻኗ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ባትሆንም ከስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ረቡዕ ረቡዕ ለምክር የሚመጡ መምህር እንዳሉ ነገረችኝ፤ እሳቸውም አንድ ለ2.17 ሲካፈል 0.46 እንደሚሆን በወረቀት ላይ ጽፈው አሳዩኝ። ነገሩ ስሕተት አልነበረም። ኤስፒኤስኤስ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ውስጥ በምድብ የገባን ተለዋዋጭ ሲያነጻጽር፣ ካልለወጡት በቀር፣ የመጨረሻውን ምድብ መነሻ ያደርጋል፤ ጃሞቪ ግን የመጀመሪያውን ይይዛል። አንዱ «ታንኳ ያለው ከሌለው ጋር ሲነጻጸር» እያለ ሌላው «ታንኳ የሌለው ካለው ጋር ሲነጻጸር» ይላል። መነሻውን አንድ ስናደርገው ቁጥሮቹ እስከ ሦስተኛው አሃዝ ገጠሙ፤ አማካሪዬም ተቀበሉ። አንድ ሶፍትዌር ከልክሎ ሌላ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰው አጠገብ ከሌለ ተማሪው ትክክለኛ ውጤት ይዞ ሊወቀስ ይችላል። የረቡዑ ምክር በዚህ ክፍል ካገኘኋቸው አገልግሎቶች ሁሉ የላቀው ነው፤ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ ግን አልተጻፈም፤ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው።

የካርታው ሥራ ላይ ደግሞ የአሠራሩ ደካማ ጎን ወጣ። ዝርዝሩ ላይ ያለው የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ ነው፤ በፈቃደኞች የሚዳብር፣ ነጻ የሆነና ለተራ ተመራማሪ ከሚያስፈልገው አብዛኛውን የያዘ ነው። ክፍሉ የሚጭነው በየዓመቱ ከሚወጡት ቅጂዎች መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ጥገና የሚደረግለትን ነው፤ ይህም በሴሚስተር መሐል ፕሮጀክቶች እንዳይበላሹ ያደረገ በሳል ምርጫ ነው። የሳተላይት ምስሉን የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 በነጻ ይሰጣል። ሁለቱ ሳተላይቶች እየተፈራረቁ በአምስት ቀን አንዴ በሐይቁ ላይ ያልፋሉ፤ በቀይና በቅርብ ኢንፍራሬድ ሞገድ የሚያነሡት ምስል እያንዳንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል። በክረምት ደመና ስለሚጋርደው የምጠቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር የተነሡትን ነበር።

ምስሉን በምድብ ለመከፋፈል ግን ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚደረብ ተጨማሪ መሣሪያ) ፈለግሁ። ፕለጊን በኪውጂአይኤስ ውስጥ ሲጫን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ስለዚህ ማንም ሳያየኝ መጫን እችል ነበር። ደንቡን ጠየቅሁ። ፕለጊንም ሶፍትዌር ነው፤ የራሱ ጸሐፊ፣ የራሱ ኮድ አለው፤ ስለዚህ መጽደቅ አለበት ተባልኩ። ትክክል ናቸው። ፎርም ሞላሁ፦ የሶፍትዌሩ ስም፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የሚወርድበት ይፋዊ ገጽ፣ ለምን እንደሚያስፈልግና የአማካሪ ፊርማ። ፎርሙ ወደ ላይ ወጣና ጠፋ። በአሥረኛው ቀን ስጠይቅ «ኮሚቴው አልተሰበሰበም» ተባልኩ፤ በአሥራ ስድስተኛው ቀን «ተጨማሪ የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ክፍሎችን ስለሚፈልግ እየታየ ነው» የሚል መልስ ከሌላ ቢሮ መጣ፤ ተፈቅዶ የተጫነው በሰላሳ አንደኛው ቀን ነው። የቴክኒክ ምክንያቱ እውነተኛ ነበር፤ ፕለጊኑ በእርግጥም ከራሱ ውጪ ሌሎች ክፍሎችን ይጠይቃል፤ እነሱም መፈተሽ አለባቸው። ነገር ግን ይህን በሦስተኛው ቀን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። አንድ ወር ለመመረቂያ ጽሑፍ ቀላል ጊዜ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ከእኔ ጋር ፎርም የሞሉ ሁለት ተማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ሱቁ ሄደዋል፤ አንደኛው ክራክ በተደረገ የካርታ ሶፍትዌር በራሱ ላፕቶፕ ላይ እየሠራ ነው።

እኔን በዚያ ወር ያተረፈኝ አሁንም «በምትኩ» የሚለው ቃል ነው። ቴክኒሻኗ ፕለጊኑ እስኪፈቀድ ድረስ በኪውጂአይኤስ ውስጥ ያለውን፣ ምስልን ነጥብ በነጥብ የሚያሰላውን የራስተር ማስሊያ እንድጠቀም መከረችኝ። ቀዩ ከቅርብ ኢንፍራሬዱ ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የዕፀዋት ልምላሜ ጠቋሚ ይገኛል፤ ለምለም ቅጠል ቅርብ ኢንፍራሬድን አብዝቶ ስለሚመልስ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ውሃ ስለሚውጠው ደግሞ ይወርዳል። ስሌቱን ጽፌ ስጨርስ ጥቁሩ የሐይቅ ገጽ ላይ ከዳርቻው ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ደማቅ አረንጓዴ ሸማ ተዘረጋ፤ በእግሬ የዞርኩበትን፣ አስጋሪዎቹ «ታንኳችንን አሰረብን» ያሉኝን ቦታ በዓይኔ አየሁት። እርግጥ ይህ ጠቋሚ ብቻውን እንቦጩን ከደንገልና በፎገራ በኩል ካለው የሩዝ ማሳ አይለይም፤ ለዚያ ነው ፕለጊኑ ያስፈለገኝ። ቢሆንም የጥናቴን ግማሽ በዚያ ወር ውስጥ በተፈቀደው መሣሪያ ብቻ ጨርሻለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያዘንኩበትን ነገር ልናገር። ኮምፒውተሮቹ ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ሶፍትዌር አላቸው፤ ማሽኑ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀደመ ሁኔታው ይመልሰዋል። ለደንቡ ትልቅ ጠባቂ ነው፤ ሰው የጫነው ያልተፈቀደ ነገርም ሆነ ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ዳግም ሲነሣ አብሮ ይጠፋል። አብሮ የሚጠፋው ግን ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው ሥራም ጭምር ነው። በኅዳር መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ የተቀመጥኩበት ማሽን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚይዘው መሣሪያ) ባትሪው ስላረጀ አልያዘም። መብራቱ ወዲያው ቢመለስም የአራት ሰዓት ሥራዬ፣ የ62 መጠይቆች የተስተካከለ መለያ፣ ዴስክቶፑ ላይ አልነበረም። ፋይል መቀመጥ ያለበት ዲ በሚባለው ዲስክ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ኖሮ ኖሯል፤ በእንግሊዝኛ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ከስክሪኑ ጀርባ ተለጥፎ። አዲስ ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በቃል ሊነገርና በአማርኛ በትልቁ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። ይህን ጥፋት ለተማሪው ግዴለሽነት የሚሰጡትን አልቀበልም፤ ፋይልን የሚያጠፋ አሠራር የዘረጋ አካል የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ቅሬታዬን በጽሑፍ ካቀረብኩ በኋላ ማስታወቂያው በአማርኛ ተተርጉሞ ከየስክሪኑ ፊት ተለጥፏል፤ ይህን በበጎ እቆጥርላቸዋለሁ። ባትሪዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየሩም።

ስለ አማርኛ ጽሑፍም አንድ ቃል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የላኩልኝ ሰነዶች ገሚሶቹ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ ስለነበሩ በክፍሉ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደልና ምልክት ቁልል ሆኑ። ፎንቱን ከፍላሽ ልጫን ብል ደንቡ ፎንትንም ይጨምራል ተባልኩ። በመጀመሪያ ከመጠን ያለፈ መስሎኝ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች «ሀ»ን በላቲኑ ፊደል መቀመጫ ላይ ስለሚያስቀምጡት ጽሑፉ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ አይነበብም፤ በኢንተርኔት ቢፈለግም አይገኝም። ክፍሉ ሁሉንም ሰው በዩኒኮድ እንዲጽፍ ማድረጉ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ከሃያ ዓመት በኋላም እንዲነበቡ ያደርጋል። ለመጻፊያ ኪማን አለ፤ ለፎንት አቢሲኒካ ሲል አለ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ለቆዩት ሰነዶች መለወጫ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። በዚህ ጊዜ «በምትኩ ይህ አለ» የሚል መልስ አላገኘሁም፤ አሥራ ሁለት ገጽ የቀበሌ ሪፖርት ከወረቀት ቅጂው እያየሁ እንደገና ጽፌያለሁ። የግዕዝ ፊደል የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ይህ ክፍተት በቶሎ መሞላት አለበት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ለጽሕፈት ሊብረኦፊስ በቂ ነው፤ በወርድ የተሠራ ውስብስብ ሠንጠረዥ ሲከፈት ግን መስመሩ ስለሚንሸራተት ለማተም ሲወስዱት ወደ ፒዲኤፍ ለውጠው ይውሰዱት። ዞቴሮ ማጣቀሻ ለመያዝ ተጭኗል፤ ስሜታዊ ሳልሆን የምናገረው፣ ከስድስት ወር ድካም የሁለት ሳምንቱን ቀንሶልኛል። አንዳንድ ተማሪዎች «ይህ እኮ ነጻ ነው» እያሉ ያመጧቸው ፕሮግራሞች የተከለከሉበትም ምክንያት አለ፤ በርካታ የርቀት መቆጣጠሪያና ጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ነጻ የሚሆኑት በቤት ለግል ለሚገለገል ሰው ብቻ ነው፤ በተቋም ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ወረቀት ከደንቡ አጠገብ ቢለጠፍ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ወደዚህ ክፍል በገባሁበት በዚያው ሳምንት ማለት ነው። ከአርባዎቹ አሥራ አንዱ ማሽኖች ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ያረጁ ናቸው። ጥገና የቀረበት ሥርዓት ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም አሳይቷል፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት ኮምፒውተሮች ናቸው በአንድ ሰሞን የተቆለፉት። ክፍሉ አሥራ አንዱን ከኢንተርኔት ለይቶ ለጽሕፈትና ለስታቲስቲክስ ብቻ አድርጓቸዋል፤ ለጊዜው ትክክለኛ እርምጃ ነው። ወደ ክፍሉ የምትሄዱ ግን ከበሩ በስተግራ ያለው ረድፍ ኢንተርኔት እንደሌለው እወቁ።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር ያገኘሁት በአምስተኛው ወር ነው። በቴክኒሻኗ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ከይፋዊ ገጾቻቸው የወረዱና የተመረመሩ የነጻ ሶፍትዌሮች መጫኛ ተቀምጧል፤ ጃሞቪ፣ አር፣ ኪውጂአይኤስ፣ ሊብረኦፊስ፣ ኪማን። ማንኛውም ተማሪ ፍላሹን አስመርምሮ ለራሱ ላፕቶፕ መገልበጥ ይችላል። የኪውጂአይኤስ መጫኛ ብቻውን በሞባይል ዳታ ለማውረድ የሚጨርሰውን ብር የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የአውሮፓው ተቋም የተጎዳው በተማሪው የግል ላፕቶፕ በኩል እንደነበር ላስታውስ፤ የተቋሙን ኮምፒውተር ብቻ የሚጠብቅ ደንብ በር ዘግቶ መስኮት ከፍቶ እንደመተው ነው፤ ይህ ጠረጴዛ መስኮቱንም ይዘጋል። ሆኖም በዚያ ወር ውስጥ የገለበጥነው ተማሪዎች ሰባት ብቻ ነን፤ መዝገቡን አይቼዋለሁ። በሩ ማዶ ባለው ሱቅ ግን በአንድ ቀን ከዚያ የሚበልጥ ሰው ወረፋ ይይዛል።

ባለፈው ሰኞ ለአይሲቲ ክፍሉ አንድ ገጽ ጽሑፍ አስገብቻለሁ። የተፈቀዱት ሶፍትዌሮች ዝርዝር ከነ አገልግሎታቸው በአማርኛ በሩ ላይ እንዲለጠፍ፣ ከእያንዳንዱ የተከለከለ ሶፍትዌር ጎን ምትኩ እንዲጻፍ፣ የረቡዑ ምክርና የመገልበጫው ጠረጴዛ በማስታወቂያ እንዲነገር፣ ለአዲስ ጥያቄ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ የመጀመሪያ መልስ እንዲሰጥና ለቀድሞ ፎንቶች መለወጫ እንዲፈለግ ጠይቄያለሁ። ቴክኒሻኗ ማኅተም መትታ ቅጂውን ስትመልስልኝ «ጋሼ፣ የፎንቱን መለወጫ እኔም ፎርም ሞልቼበታለሁ፤ ቁጥሩን ከእርስዎ ጋር አያይዤዋለሁ» አለችኝ። ዓርብ ከሰዓት ሄጄ የደረሰበትን አያለሁ።